ከቦርሳው ስር የቀረው ወረቀት፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላለበት ቤት ዝርዝር መመሪያ

የልጄን ቦርሳ ላጥብ ብዬ አንድ ቅዳሜ ዘረገፍኩት። ቀለማቸው ያለቀ ሦስት እስክሪብቶዎች ወጡ። ግማሹ የተቀደደ የሒሳብ ወረቀት ወጣ። ከሁሉም ስር ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ጠርዙ የላላ ደብዳቤ። «ለተማሪ ወላጆች በሙሉ» ይላል። ስብሰባው ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

«ለምን አልሰጠኸኝም?»

«እንዴ እማ፣ ረስቼው ነዋ!»

አልዋሸም፣ ከልቡ ረስቶት ነው። አንደኛ ደረጃ እያለ መምህርቷ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ትጽፍልኛለች፣ እኔም ፈርሜ እመልሳለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ መምህራኑ አሥር ሆኑ፣ መገናኛ ደብተሩ ቀረ፣ የትምህርት ቤቱ ወሬ ቧንቧ ልጁ ራሱ ሆነ። ቧንቧው ደግሞ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

በሁለት ልጆች ካየሁት ልናገር። በዚህ ዕድሜ ብዙ ነገር የሚከብደው ዘግይቶ ስለሚሰማ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቢሰማ በአንድ ስልክ የሚያልቅ ጉዳይ፣ በሦስተኛው ወር ሲሰማ «ወላጅ አምጣ» ይሆናል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሁሉ በፊት ዜናው በጊዜ ቤት የሚደርስበትን መንገድ ይጠርጋል። ቀጥሎ ደግሞ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጀምር። የቤት ሥራውን ቁጭ ብሎ አብሮ መሥራት ጎበዝ ወላጅ የሚያሰኝ ይመስለን ነበር፣ እኔን ጨምሮ። ተመራማሪዎቹ ናንሲ ሂል እና ዳያና ታይሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ ከአንደኛ ደረጃ አልፈው ወደ ጉርምስና በገቡ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ ገመገሙ። ከውጤት ጋር አጥብቆ የተያያዘው ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም መነጋገር፣ የሚጠበቀውን በግልጽ ማሳወቅ፣ ስለ ወደፊቱ አብሮ ማሰብ ነበር። የቤት ሥራ ማገዝ ግን ወጥ የሆነ ጥቅም አላሳየም። እንግዲህ ፊዚክስ ረስቻለሁ ብሎ የሚያፍር ወላጅ ካለ ይረፍ።

ደረጃ 1፦ ወሬው በየት በየት እንደሚመጣ ለዩ

አንድ ምሽት ከልጁ ጋር ተቀመጡና ትምህርት ቤቱ መልእክት የሚልክባቸውን መንገዶች በሙሉ ጻፉ። ወረቀት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ የቴሌግራም ግሩፕ፣ የስልክ ጥሪ። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ስምና ስልክ እዚያው አስገቡ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ያለው የእናንተ ስልክ ቁጥር የትኛው እንደሆነ አጣሩ። ስንት ሰው ነው ቁጥር ቀይሮ «ማንም አልደወለልኝም» የሚለው! ሁለተኛ ተጠሪም አስመዝግቡ። አክስትም ትሁን ታላቅ ወንድም፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ይሁን።

የወላጆች ግሩፕ ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አንድ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ስልሳ «እናመሰግናለን መምህር» ይከተላል፣ ማስታወቂያው ይቀበራል። እኔ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። በቀን ሁለቴ ገብቼ ከላይ የተሰካውን መልእክትና ፋይሎቹን ብቻ አያለሁ። የልጃችሁን ውጤት ወይም ጠብ ግን እዚያ አታንሱ። የክፍል ጓደኞቹ የእናታቸውን ስልክ ያያሉ፣ ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ ወሬው ይጠብቀዋል።

ደረጃ 2፦ አንድ ቀን፣ አንድ ወረቀት፣ ሩብ ሰዓት

በሳምንት አንድ ቀን ምረጡ። እኛ ቤት እሁድ ማታ ነው። ቦርሳው ይራገፋል፣ ወረቀቶቹ ይወጣሉ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ላይ የሳምንቱ ነገር ይጻፋል። ፈተና፣ የሚረከብ ሥራ፣ የሚከፈል ነገር፣ ስብሰባ። የሚጽፈው ልጁ ነው። እናንተ ከጻፋችሁለት ቀኑ የእናንተ ቀን ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ተመልካች።

ትልቅ ሥራ ሲመጣ ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። የባዮሎጂ ፕሮጀክቱ የሚረከበው በ24 ነው እንበል። በ22 ተጽፎ ያለቀ ይሁን። በ18 ግማሹ። በ14 ርዕሱ ተመርጦ ለመምህሩ ታይቷል። ይኼ አራት መስመር ነው፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሙጫና ካርቶን ይዞ መንከራተትን ያስቀራል።

ሩብ ሰዓት ካለፈ አቁሙ። ስብሰባው ወደ ምርመራ ከተለወጠ በሚቀጥለው እሁድ ልጁ «ራሴን አሞኛል» ይላል።

ደረጃ 3፦ የምትጠይቁትን ለውጡ

«ትምህርት እንዴት ነበር?»

«ጥሩ።»

«ምን ተማራችሁ?»

«ምንም።»

ይህ ንግግር በየቤቱ በየቀኑ የሚደገም ይመስለኛል። ልጁን አልፈርድበትም፣ ጥያቄው ሰፊ ነው። ጠበብ አድርጉት። «ዛሬ ማን ሳቀ?» «የኬሚስትሪ መምህሩ መጡ?» «ለጓደኛህ ብታስረዳው የሚከብድህ የትኛው ነው?» የመጨረሻዋን ጥያቄ እወዳታለሁ። «አልገባኝም» ማለት ለሚያሳፍረው ልጅ በጎን መግቢያ ትከፍትለታለች።

ቦታውም ይለያል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን እያዩ መጠየቅ ፖሊስ ጣቢያ ያስመስላል። ዕቃ እያጠባችሁ፣ መንገድ እየሄዳችሁ፣ ልብስ እያጠፋችሁ ሲሆን አፉ ይፈታል። ትልቋ ልጄ የደበቀችውን የሒሳብ ውጤት የነገረችኝ አንሶላ ስናጥፍ ነው። እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። «እማ፣ አትቆጪኝም?» ስትል አንሶላውን መዘርጋቴን ቀጠልኩ። እውነቱን ለመናገር የምቆጣውም ቢሆን እጄ ነጻ አልነበረም።

ደረጃ 4፦ ጥናቱን ከማንበብ ወደ ማስታወስ አዙሩት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ልፋት የሚባክነው እዚህ ነው። ልጁ አራት ሰዓት ደብተር ላይ ያፈጣል። ሁሉንም በቢጫ ቀለም ያሰምራል። ፈተናው ላይ ባዶ ይሆናል። እኛም «አላጠናህም» እንላለን። አጥንቷል እኮ!

እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ ተማሪዎችን ከፋፍለው ሞከሩ። አንደኛው ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ሌላኛው አንዴ አንብቦ ጽሑፉን ዘጋና ያስታወሰውን ጻፈ፣ ይህንንም ሦስት ጊዜ አደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዘግተው ያስታወሱት 61 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ላይ ቀሩ። የሚገርመው፣ የበለጠ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት እነዚሁ አንባቢዎቹ ነበሩ። ማንበብ «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ይሰጣል፣ ስሜቱ ነው የሚሸውደው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የጥናት ዘዴዎችን መዝነው፣ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ማከፋፈልን ከላይ አስቀመጡ። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ከታች ወደቁ።

ቤት ውስጥ ሲሠራ እንዲህ ነው። ልጁ አንድ ርዕስ ያነባል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። ደብተሩን ይዘጋል። ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ያሰፍራል፣ በሥዕልም በቀስትም ይሁን። ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሞላል። ያ ሌላ ቀለም የነገ ጥናቱ ነው። የሚያውቀውን እየደጋገመ ጊዜ አያጠፋም።

የወላጅ ድርሻ? ደብተሩን ያዙና ከርዕሶቹ ጥያቄ አውጡ። ርዕሱ «የፎቶሲንተሲስ ደረጃዎች» ካለ፣ «የፎቶሲንተሲስ ደረጃዎች ምን ምን ናቸው?» በሉ። መልሱን ማወቅ አያስፈልጋችሁም፣ እያያችሁት ነዋ። ሲሳሳት ቶሎ አትንገሩት። እስከ አምስት ቁጠሩ። መልሱን ሲፈልግ የሚያሳልፋት ያቺ ጭንቀት ሥራው ራሱ ናት።

ቀጥሎ ማከፋፈል። ጀርመናዊው ሄርማን ኢቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ራሱን እየፈተነ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እንዴት እንደሚረሳ ለክቷል። መርሳት መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፣ በኋላ ይረጋጋል። ስለዚህ ሰኞ የተማረውን ማክሰኞ አሥር ደቂቃ፣ ዓርብ አሥር ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አሥር ደቂቃ መፈተን፣ በፈተናው ዋዜማ ሦስት ሰዓት ከመሸምደድ ይሻላል። ድምሩ ግማሽ ሰዓት ነው!

ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ አይበቃም። ይህን ስታዝዙ ግን የእናንተም ስልክ አብሮ ይሂድ። ካልሆነ ንግግራችሁ ሰሚ አያገኝም።

ስለ እንቅልፍ ደግሞ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመክራል። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ማታ እንቅልፍ አልመጣ ቢለው፣ ጠዋት አልነሳ ቢል ስንፍና ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2፡30 በፊት አይጀምሩ እስከማለት ደርሷል። እኛ የደወሉን ሰዓት መለወጥ አንችልም፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣውን ቡና ግን እንችላለን። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለፈተና ሌሊት በቡና የሚያነጋ ልጅ የተማረው የሚጸናበትን እንቅልፍ ነው የሚሸጠው።

ደረጃ 5፦ ካርዱ ሲመጣ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ባይሆን ጥሩ ነው። ደረጃ ስለ ሌሎቹ ልጆች እንጂ ስለ እናንተ ልጅ ብዙ አይነግርም። ክፍሉ ጎበዝ ከሆነ ያደገ ልጅ ከአምስተኛ ወደ ስምንተኛ ሊወርድ ይችላል።

ያለፈውን ካርድ አውጡና ጎን ለጎን አስቀምጡ። በየትኛው ትምህርት ወረደ? የወረደው አንድ ብቻ ከሆነ ነገሩ የዚያ ትምህርት ወይም የዚያ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ነው። ሁሉም አብረው ከወረዱ ግን ስለ ትምህርቱ ከመጠየቅ በፊት ስለ ልጁ ጠይቁ። እንቅልፍ፣ ጓደኛ፣ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር፣ ሰሌዳው በደንብ ይታየው እንደሆነ። መነጽር የሚያስፈልገው ልጅ «ሰነፍ» ሲባል መኖሩን አይቻለሁ። ከዚያ የቀረበትን ቀን ብዛት ተመልከቱ። ከዚያ ደግሞ ነጥቡ የጎደለው በፈተና ነው ወይስ ባልተረከበ ሥራ? ሁለቱ መድኃኒታቸው አይገናኝም።

በካርዱ ቀን ማታ ምንም አትወስኑ። ስልክ መንጠቅ፣ ኳስ መከልከል፣ አስጠኚ መቅጠር፣ ሁሉም እስከ ነገ ይቆይ። በተለይ ኳሱን ለመከልከል አትቸኩሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ያዝዛል።

ደረጃ 6፦ ከመምህሩ ጋር ስትገናኙ

ሳይጠሩ መሄድ፣ ተጠርቶ ከመሄድ በብዙ ይቀላል። ቀጠሮ ያዙ። በር ላይ ክፍል ሊገቡ የሚሮጡ መምህርን ማስቆም ለማንም አይጠቅምም። እኔ የምልከው ይህን የመሰለ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎ እናት ነኝ። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ የሒሳብ የቤት ሥራ እየከበደው ነው። ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ እንደተደናገረ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። በሚመችዎት ቀን 15 ደቂቃ ይበቃኛል።»

ሦስት ጥያቄ በወረቀት ይዛችሁ ግቡ። የትኛው ላይ ነው የወደቀው? ክፍል ውስጥ እንዴት ነው፣ ይጠይቃል ወይስ ዝም ይላል? ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ብናደርግ የቱን ይመክሩናል? የመጨረሻው ጥያቄ «አንድ ብቻ» የሚል ገደብ ስላለው መልሱ ሥራ ላይ የሚውል ይሆናል። ሰባት ምክር ይዞ የወጣ ወላጅ አንዱንም አይሠራም።

ከተቻለ ልጁ አብሮ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ ይደነግጋል። ሕጉን ትታችሁም፣ እሱ የሌለበት ስምምነት እቤት ሲደርስ ፈራሚ የለውም።

ተጠርታችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ መጀመሪያ አድምጡ። ልጃችሁን መምህሩ ፊት አታዋርዱ፣ መምህሩንም ልጃችሁ ፊት አታጣጥሉ። ስትወጡ የተስማማችሁበትን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ላኩላቸው። ከወር በኋላ «እንዲህ አላልንም» የሚል ነገር አይመጣም።

ደረጃ 7፦ መቅረት ሲጀምር

ብዙ ቦታ የትምህርት ቀኖች 10 በመቶ መቅረት የማንቂያ መስመር ተደርጎ ይወሰዳል። ዓመቱ 180 የትምህርት ቀን ቢኖረው 18 ቀን ማለት ነው። በወር ሁለት ቀን! ሁለት ቀን ማንም አይቆጥራትም፣ ለዚህ ነው የምታታልለው።

ቀኖቹን ቁጠሩ፣ የትኛው ቀን እንደሚደጋገም እዩ። ሁልጊዜ ሐሙስ ሆዱን የሚያመው ልጅ ሐሙስ ምን ክፍለ ጊዜ አለው? መጸዳጃ ቤቱ ንጽሕና ስለጎደለው፣ የወር አበባ ስለመጣ፣ የሚከፈል ነገር ስላልተከፈለ የሚቀሩ አሉ። ፎርፎ ከጓደኞቹ ጋር የሚዞርም አለ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጣ አይሠራም። ገንዘብ ከሆነ ችግሩ፣ ቀኑ ሳያልፍ ለአስተዳደሩ ንገሩ። የክፍያ ማራዘሚያም ሆነ የመጻሕፍት ውሰት ቀድሞ ለጠየቀ ይቀላል።

ደረጃ 8፦ ልጁ ላይ ጥቃት ካለ

ጠብ ሁሉ ጥቃት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ቀድሞ ያጠናው ዳን ኦልዌውስ ሦስት ምልክት አስቀምጧል፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ አንዱ ወገን ከሌላው ጉልበት ወይም ብዛት ይበልጣል። ሦስቱ ካሉ «እናንተው ተስማሙ» ማለት ደካማውን ለጠንካራው መመለስ ነው።

ልጁ ሲነግራችሁ መጀመሪያ «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ» በሉ። «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» አትበሉ። ከዚያ መዝግቡ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ያየ ሰው። በስልክ ከሆነ ሳይጠፋ የማያ ገጹን ፎቶ አንሱ። ለተሳዳቢው መልስ አትጻፉ። የዚያን ልጅ ወላጅ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጉዳዩን በጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ አስገቡና መቼ መልስ እንደሚሰጣችሁ ጠይቁ። ቀን ያልተቆረጠለት ጉዳይ መሳቢያ ውስጥ ያድራል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ልጁ የሚወደውን ሁሉ ከተወ፣ ራሱን ካገለለ፣ «ባልኖር ይሻላል» ዓይነት ቃል ከወጣው በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ?» ጥያቄው ሐሳቡን አይዘራበትም፣ ብቻውን የተሸከመውን ያወርድለታል። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፣ ያኑ ቀን ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት።

ደረጃ 9፦ ማህደሩና የስም ፊደል

በመጨረሻ አንድ ጠንካራ ማህደር ግዙ። ካርዶች፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክፍያ ደረሰኞች፣ የዝውውር ወረቀቶች፣ ለትምህርት ቤቱ የጻፋችኋቸው ደብዳቤዎች ቅጂ። የሁሉንም ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

የማጠቃለያ ፈተና ምዝገባ ሲመጣ ቅጹን ራሳችሁ እዩት። የልጁን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የልደት ቀን፣ ፆታ። ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፣ በላቲን የተጻፈውንም ጭምር። ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ እናንተ ተከተሉ፣ ከዚያ ተለዋወጡ። የትልቋ ልጄ የአባቷ ስም ላይ አንዲት ፊደል ጎድላ ነበር። ማናችንም አላየናትም፣ እሷም ቸኩላ ፈረመች። ያቺን ፊደል ለማስመለስ አራት ወር፣ ሦስት ቢሮና አንድ ጥንድ ጫማ ጨርሻለሁ። ዘንድሮ የታናሹ ቅጽ ሲመጣ ሁለታችንም መነጽራችንን አድርገን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ቅጹ የመጣው ያው ከቦርሳው ስር ነው፣ አራት ቦታ ታጥፎ። ግን እሁድ ማታ ነበር፣ የመመለሻው ቀን ደግሞ ሐሙስ።